የእግረኛ መብት በሰባተኛ

መብቱን የሚያውቅ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። በደርግ ጊዜ ሸማ ተራ ማመልከቻ የሚጽፉት ጋሼ ታዬ፣ «ብስክሌት የገጨው እግረኛ ካሳ ይገባዋል!» እያሉ ያስተምሩን ነበር።

አንድ ቀን ሰባተኛ ሰፈር አብረን መንገድ ስንሻገር ብስክሌት እግራቸውን ገጭቶ አደማቸውና ጣላቸው። ቀና ሲሉ ነጂው ካኪ ለብሷል። ያኔ ካኪ ለባሽ ከስሶ እቤቱ ያደረ ማን ነበር? ጋሼ ደማቸው የነካውን ጎማ በነጠላቸው እየጠረጉ፣ «ይቅርታ ጓድ፣ መንገድ ዘጋሁብዎት» አሉ።

ሰውየው ደነገጠ። «ኧረ ጋሼ፣ እኔ ሸማኔ ነኝ! ካኪው የወንድሜ ነው፤ ካድሬው እሱ ነው። ሐኪም ቤት ልውሰድዎት።»

«ካድሬው ደግሞ ወንድምህ ነው?» ብለው ተነስተው ሮጡ።

እግሩ የተጎዳ ሰው እንዴት ይሮጣል ትሉኛላችሁ? እኔ ምን አይቼ! ከፊታቸው እየሮጥኩ ነበር።