የጋሽ ቶሎሳ ካርድ

በር የሚከፍትልኝን ሰው እወዳለሁ። እናንተስ?

መቱ ያለው መሥሪያ ቤታችን በሩ ላይ ማሽን አስገጥሞ ለእያንዳንዳችን ካርድ ሰጠን። ካርዱን ወደ ማሽኑ ስናስጠጋ በሩ ይከፈታል፣ ስማችንም ይመዘገባል። ያልተመዘገበ እንደ ቀረ ይቆጠራል።

ታዲያ በዚያ በመቱ ዝናብ ቆሞ ቦርሳውን የሚበረብር ማነው? ጥበቃችን ጋሽ ቶሎሳ ደግሞ ሰው ደጅ ቆሞ ማየት አይሆንላቸውም። “አካም ቡልቴ? እንዴት አደርክ? ግባ፣ ብርዱ እንዳይመታህ” እያሉ በራሳቸው ካርድ ይከፍቱልናል።

ወሩ ሲያልቅ ሥራ አስኪያጁ መዝገቡን ይዘው ሰበሰቡን። ለካ ወሩን ሙሉ ሥራ የገቡት ጋሽ ቶሎሳ ብቻ ናቸው፤ ያውም በየቀኑ ሃምሳ ስልሳ ጊዜ።

“ጋሽ ቶሎሳ፣ ማን ፈቅዶልዎት ነው?” አሉ ሥራ አስኪያጁ ቆጣ ብለው።

“ጌታዬ፣ ሰው ዝናብ እየወረደበት ካርድህን አውጣ ልበለው? እርስዎንስ ብዬዎት አውቃለሁ?”

ሥራ አስኪያጁ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አዩት። የእሳቸውም ስም የለም። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ ስብሰባውም አበቃ።

የእኔ ካርድ እስካሁን ከነላስቲኩ ነው። ማሽኑን ግን አልወቅሰውም። በዚያ ወር ሥራቸውን አሳምረው የሠሩትን አንድ ሰው፣ ሳይሳሳት በስማቸው መዝግቧል።