የፀጉር አስተካካዩ የግንድ ቤት

ቤቴን በገዛ እጄ ካልሠራሁ የሚል ሰው ከየትኛውም ሰፈር አይጠፋም። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ኪሱ ውስጥ ሜትር፣ ጣቱ ላይ ፕላስተር፣ አፉ ላይ «ትንሽ ነው የቀረው»። ቤት ግን የለውም።

በእኛ ሰፈር የልብስ ሰፊዋ ባል አንዱ ነው። ሙያው ፀጉር አስተካካይ ይሁን እንጂ ጎረቤቱ «ክቡር ኢንጂነር» ነው የሚለው። ከሰባት ዓመት በፊት ከተማው ዳር ባለች ቁራሽ መሬት ላይ የግንድ ቤት እንደሚሠራ ሲነግራት ሚስቱ ስፌቷን አቁማ ሰማችው። «በሁለት ዓመት እንገባለን» አለ። በተከራዩት አንድ ክፍል ውስጥ የስፌት መኪናዋ፣ አልጋቸውና የእናቷ አልጋ ተጣበው ነበርና ማመኑን መረጠች።

የመጀመሪያው ዓመት ቅርፊት ሲልጥ አለቀ፤ ሁለተኛው ግንዱ እስኪደርቅ ሲጠብቅ። በሦስተኛው ግድግዳው ወገብ ደረሰ። ክቡር ኢንጂነር ውሃ ልኩን አስቀምጦ ቢያይ የጣት ስፋት ያህል ዘሟል፤ አፈረሰው።

«ማን ያየዋል?» አለች ሚስቱ።

«እኔ።»

ደንበኞቹም ፍዳቸውን አዩ። መቀሱን ጆሯቸው ሥር አቁሞ የግንድ አገጣጠም ያስተምራቸዋል። አንድ መምህር ግማሽ ፀጉሩን ተቆርጦ የመስኮት ንድፍ ሲያይ ክፍለ ጊዜው አልፎበታል።

ያልሰለቹት የሚስቱ እናት ብቻ ነበሩ። እግራቸው እምቢ ስላለ ቦታውን አይተውት አያውቁም። ከሥራ ሲገባ «ልጄ፣ የኔ ክፍል ከምን ደረሰ?» ይሉታል።

«ትንሽ ነው የቀረው፣ እማማ። የጠዋት ፀሐይ አልጋዎ ድረስ ትገባለች።»

በአምስተኛው ዓመት፣ በዝናቡ ወራት፣ እዚያው የስፌት መኪናው ጥግ እንደተኙ አረፉ። ሚስቱ ከቀብር መልስ «ትንሽ ነው የቀረው ስትላት ኖርክ» አለችው። ከዚያ ወዲህ ቦታው ድርሽ አላለችም።

በሰባተኛው ዓመት ወገቡ ከዳው፤ ካጎነበሰ ቀና ማለት አቃተው። ሚስቱ ግንዱን ለጡብ ማቃጠያ የሚገዛ ነጋዴ ጠራች። ትልቅ ጭቅጭቅ ጠብቃ ነበር፤ እሱ ግን «እንዳልሽ» ብቻ አለ። ይሄ አስፈራት።

ሦስቱም ቦታው ሲደርሱ ነጋዴው ግንዱን እያንኳኳ በጠመኔ ምልክት ሲያደርግ ጥግ ካለው በር ደረሰ።

«እሱ ይቆይ» አለ ባልየው።

ሚስቱ በሩን ገፋ አደረገችው። የቀረው ቤት ጣሪያ እንኳ የለውም፤ ይህ ክፍል ግን አልቋል። ወለሉ ተልጎ ለስልሷል፣ መስኮቱ መስታወት ገብቶለታል። በሩ ደፍ የለውም።

«የእማማን ከዘራ እንዳያደናቅፍባቸው ነው» አለ ከኋላዋ።

«መቼ ጨረስከው?»

«ካረፉ በሁለተኛው ወር።»

«ለማን ብለህ?»

«ብያቸው ነበራ።»

ነጋዴው ከውጭ «ይሄም ይነቀላል?» ሲል ጠየቀ።

«አይነቀልም» አለች ሚስቱ።

«ሌላውስ?»

«ሌላውም ይሄን ተደግፎ ነው የቆመው።»

ነጋዴው እያጉረመረመ ሄደ። እሷ እጅጌዋን ሰብስባ መሬት ከተጋደመው ግንድ አንዱን ጫፍ ያዘች። ባልየው ወገቡን ደግፎ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄደ። ግንዱ አንድ ስንዝር ተነሥቶ ቆመ።

«ከብዷል» አለች።

«ከብዷል» አለ እሱም። በሰባት ዓመት ውስጥ ይህ ቃል ከአፉ ሲወጣ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። «አስቀምጪው፣ የኔ እመቤት። ሰው እንጠራለን።»