መርከቧ ስትጭን፣ መኪናዋ ስትታደስ

(ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ… የኦድቫር የድሮ ናፍጣ መኪና፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጠዋት ስትነሣ መንደሩን ሁሉ ትቀሰቅስ ነበር። ዛሬ ኖርዌይ፣ ባሕሩ ዳር፣ በሚስቱ ወንድም በሲግቬ ድምፅ አልባ የኤሌክትሪክ መኪና ተቀምጦ ያ ዱግዱግታ ናፈቀው። ጭኑ ላይ አምስት ትውልድ የተጠመቀበት የቤተ ሰቡ ነጭ ቀሚስ አለ። እኩለ ቀን ላይ በማዶው ቤተ ክርስቲያን የልጅ ልጁ ትለብሰዋለች፤ ክርስትና የሚያነሣት ሲግቬ ነው። መኪና አሻጋሪዋ መርከብ መጫን ጀምራለች።)

ኦድቫር፦ እኔ የጠየቅሁህ አንድ ነገር ነው። ዝናብ መጥረጊያውን ለማስነሣት ስንቴ ነው የምትነካካው?

ሲግቬ፦ አራቴ ብቻ። «ማስተካከያ»፣ «ውጪ»፣ «መስታወት»፣ «ጥረግ»።

ኦድቫር፦ የኔዋ አንድ ዘንግ ነበራት።

ሲግቬ፦ ለዚህ ነዋ የሞተችው።

ኦድቫር፦ ታዲያ እኔን ከታች ምን ይለበልበኛል?

ሲግቬ፦ የወንበሩ ማሞቂያ ነው። «ጥረግ» ስል ስቼ ነክቼው ይሆናል። (ስክሪኑን ይነካካል) አሁን ደግሞ «ሶፍትዌሬ ይታደስ ወይ?» ትላለች።

ኦድቫር፦ ተራችን ሲደርስ? እንቢ በላት እንጂ።

ሲግቬ፦ አንተ ደግሞ። ዘመናዊ ነገር እሺ ሲሉት ነው የሚወደው።

(ይነካል። ስክሪኑ ይጨልማል፤ በሮቹ ቀጭ ብለው ይቆለፋሉ።)

ኦድቫር፦ ምን አለች?

ሲግቬ፦ አርባ ደቂቃ።

ኦድቫር፦ መርከቧስ?

ሲግቬ፦ አምስት።

(መርከበኛው «ና፣ ና» እያለ እጁን ያወዛውዛል። ከኋላ ከተሰለፉት አንድም ጡሩምባ የነፋ የለም፤ በዚህ አገር ከዝምታ የከፋ ስድብ የለም።)

ኦድቫር፦ በል ክፈትልኝ፣ በእግሬ ልግባ።

ሲግቬ፦ በምን? በሩም በስክሪኑ ነው። እጀታ ድሮ ቀረ፣ አማቼ። ነፋስ ይይዛል ብለው አወለቁት።

ኦድቫር፦ ቆመን ሳለን የምን ነፋስ?

ሲግቬ፦ እሱ መሐንዲስ ላልሆነ አይገባም።

(ኦድቫር በሩ ሥር ያለች ትንሽ ክዳን በጥፍሩ ያነሣና ገመድ ይስባል። በሩ ወለል ይላል።)

ሲግቬ፦ ይህን… ማን ነገረህ?

ኦድቫር፦ መመሪያው። ተራራው ላይ ካለው ጎጆህ ሽንት ቤት ውስጥ ሰቅለኸው የለ? ሦስት ቀን ተቀምጬ አነበብሁት።

ሲግቬ፦ እንግዲያው እድሳቱ እንዴት እንደሚቋረጥ ንገረኛ፤ መኪናዋን መንገድ ላይ ጥያት አልሄድ። ክርስትና የማነሣት እኔ አይደለሁ?

ኦድቫር፦ እሱ ቀጣዩ ገጽ ላይ ነበር።

ሲግቬ፦ እኮ ምን ይላል?

ኦድቫር፦ ቅዳሜ ዕለት ሶፍት አለቀብኝ።

(ቀሚሱን ደረቱ ላይ አቅፎ ወረደ። ወደ መርከቧ ሲገሰግስ ዞር ብሎም አላየ።)