አሜን የሚሰስቱት ሊቀ ዝምታ

በየጉባኤው አንድ አይጠፉም፤ ሰው ሁሉ እጁን አንሥቶ «አሜን» ሲል አፋቸውን ገጥመው የሚቀመጡ። እንቅልፍ ወስዷቸው አይደለም፣ እያዳመጡ ነው። ጸሎቱን ከላይ እስከ ታች ሰምተው ካልተስማሙበት፣ የጸለየው ማንም ይሁን ማን፣ አሜን ከእሳቸው አፍ በጉልበትም አይወጣም።

አንድ ልብስ ሰፊ ዕድሉ ሆኖ የእንዲህ ዓይነቱን ሰው ልጅ ወደደ። አማቱ በሙያቸው አናጺ፣ በጉባኤው ደግሞ የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ናቸው፤ ከጀርባቸው ግን ሁሉም «ሊቀ ዝምታ» ነው የሚላቸው። ልጅቷን ሊጠይቅ የሄደ ቀን ነገሩ ሁሉ አልቆ፣ ተጸልዮ፣ ቤቱ በአሜን ሲናጋ እሳቸው ጭጭ። ልብስ ሰፊው አፍ አፋቸውን አየ። ለካስ ልጅቷን ማንም አልጠየቃትም። ከጓዳ አስጠሯት፣ ጠየቋት፣ እሺ አለች። ያን ጊዜ አሜን አሉ፤ ያውም መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ።

በሠርጉም አላረፉም። የጉባኤው መጋቢ «አንድም ቀን አይጋጩ» ብለው ሲባርኩ ሊቀ ዝምታ ዝም። ባለቤታቸው በክርናቸው ጎሸም ቢያደርጓቸው፣ «ሳላምንበት አሜን ብል ማንን ነው የማታልለው? ካንቺ ጋር አይደል እንዴ የኖርኩት?» አሉ። ድምፃቸው ደግሞ ሹክሹክታ የሚባል ነገር አያውቅም። ቤት ውስጥማ ማዕድ ተባርኮም ማንኪያ የሚነሣው የእሳቸው አፍ ታይቶ ነው። ልብስ ሰፊው ይህን ሁሉ ለደንበኞቹ እያወራ ሲያማቸው ይውል ነበር።

ኋላ ሆዱን ታሞ ሆስፒታል ተኛ። ሐኪሙ አንጀቱ መጠማዘዙን፣ ነገ ጠዋት ቀዶ ጥገና ካልተደረገለት እንደማይተርፍ ነገረው። ከሰዓት በኋላ ጉባኤው ስመ ጥር እንግዳ ሰባኪ አስከትሎ ክፍሉን ሞላው። ሰባኪው እጁን ጭኖ ጸለየ፤ ተፈውሷል፣ ቢላ አይነካውም፣ አሁኑኑ ተነሥቶ ቤቱ ይግባ አለ። ክፍሉ በአሜን ተናወጠ። መቀደድ ማን ይወዳል? ታማሚውም አሜን ብሎ እግሩን ከአልጋው አወረደ። ከዚያ ልማድ ሆኖበት የአማቱን አፍ አየ። ተገጥሟል።

ሰባኪውም አይቷል። «አባት፣ እምነት አጡ እንዴ?»

«እምነትስ አለኝ። ልጄን ከሐኪም የምነጥቅበት ምክንያት ነው ያጣሁት።»

ሽማግሌዎቹ ወደ ጥግ ሳብ አድርገዋቸው እንግዳውን በሰው ፊት ካሳፈሩ በሰብሳቢነት መቀጠል እንደማይችሉ ነገሯቸው። ከጉርምስናቸው ጀምሮ ያገለገሉ፣ የጉባኤውን አግዳሚ ወንበር ሁሉ በእጃቸው የሠሩ ሰው ናቸው እንግዲህ። አገጫቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

«ሰብሳቢነቱን ለፈለጋችሁት ስጡት» አሉ፣ በዚያው መሸሸግ በማያውቀው ድምፃቸው። «ይሄ ልጅ ግን ከዚህ አልጋ አይነሣም።»

ልብስ ሰፊው ሕመሙን ረሳ። ይህን ሁሉ ዘመን ሲያማቸው የኖረው ሰው እኚህ ናቸው? በዕድሜው እንዲህ ያለ ሰው አይቶ አያውቅም።

ሊቀ ዝምታ ቀርበው እግሩን ወደ አልጋው መለሱለት፣ አንሶላውን አለበሱትና ጸለዩ። «ጌታ ሆይ፣ የሐኪሙን እጅ ያዝለት። ልጄን አትውሰድብኝ። ፈርቻለሁ።»

አሜን የሚል ጠፋ። ገሚሱ ሰባኪውን ያያል፣ ገሚሱ ወለሉን። ልብስ ሰፊው ጸሎቱን ከላይ እስከ ታች መረመረው፤ የማያምንበት አንድ ቃል አጣበት።

«አሜን» አለ፣ ብቻውን።

ዛሬ የሆዱን ጠባሳ ይዞ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ ይሰፋል፤ ደንበኞቹ አማቱን እንዲያማላቸው ቢጎተጉቱትም እሺ አይልም። ሰብሳቢነቱ ለሌላ ተሰጥቷል። ሊቀ ዝምታ ራሳቸው በሠሩት የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ አማቻቸውም ከጎናቸው። መጋቢው ጸሎታቸውን ሲጨርሱ አንገታቸውን አስግገው የሚያዩት አሁን ሁለት አፍ ነው።