ትብረር እንጂ አትውለድ

እኔ ፊልም ቤት ስገባ ፊልሙን ብዙም አላይም። ምን ላድርግ፣ አመሌ ነው። አንገቴን አዙሬ ተመልካቹን ነው የማይ። ማን ሳቀ? ማን አለቀሰ? እንቅልፍ የወሰደው ማን ነው? ለዚህ ብዬ የመግቢያ እከፍላለሁ። ከሰው ፊት የበለጠ ምን ፊልም አለ?

ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ ሰው የሚያምነውና የማያምነው ነገር ነው። ይኸውላችሁ፣ «ደመና ረጋጭ» የሚባል መጽሐፍ አለ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ይህን ያላነበበ ቢኖር ገና ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። የሰው ድምፅ የሚበላ ንጉሥ አለ። ድምፃቸውን የተበሉ፣ እናት አባት የሌላቸው ልጆች አሉ። ሐሪቱ የምትባል በቅሎም አለች። ሐሪቱ ትናገራለች፤ ትበራለችም። ልጆቹን አንድ በአንድ በጀርባዋ ጭና ዓባይን ታሻግራቸዋለች። መጨረሻ ላይ ልጆቹ ተራራ አናት ላይ ከብበዋት ይተኛሉ። እሷ መሃል ቆማ ትጠብቃቸዋለች። አለቀ።

መጽሐፉን ለከተማው ያዳረሱት እትዬ ጥሩዬ ናቸው። የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። የገዛ መጽሐፋቸውን ለጠየቀ ሁሉ ያውሳሉ። ከእጅ እጅ ሲዞር ጥራዙ ለቆ ዛሬ በሲባጎ ታስሯል። ታዲያ መጽሐፉን ስትመልሱላቸው «ወደዳችሁት?» አይሉም። «መጨረሻው ላይ ምን ጎደለ?» ነው የሚሉት። እኔንም ጠይቀውኛል። ትንሽ አሰብኩና «ኧረ ምንም!» አልኳቸው። ፊታቸው ፈካ። ሌላውም ሰው እንደዚያው ነበር የሚመልስላቸው።

የጥያቄውን ምክንያት ያወቅሁት ቆይቼ ነው። መቼም ነገር ሳላጣራ እንቅልፍ አይወስደኝ! እትዬ ጥሩዬ አልወለዱም። አማታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የገበዝ ማርያም ሰው ነበሩ፤ ምላሳቸው የሰላ። አንድ የማኅበር ቀን፣ ቤት ሙሉ ሰው ተቀምጦ፣ «ልጄማ በቅሎ አገባ» አሉ። መካን ሴትን በቅሎ ማለት ምን ያህል እንደሚያቆስል ለጎጃም ሰው አይነገርም። ባላቸው ጋሽ ዓለምነው አንገታቸውን ደፉ። እትዬ ጥሩዬ ደግሞ ምንም እንዳልሰማ ሰው ጠላውን ቀድተው ጨረሱ። «ሐሪቱን ያገኘኋት ከዚያ በኋላ ነው» አሉኝ። «ለካ ሳትወልድም እንዲህ የምትወደድ በቅሎ አለች ብዬ አለቀስኩ።» 

እንግዲህ መጽሐፉ ፊልም ሆነ የሚል ወሬ መጣ። የከተማው ወጣት አበደ። ንጉሡን ሆኖ የሚሠራው ተዋናይ አጭር ነው። ጢሙም ቀይ መሆን ነበረበት። ማስታወቂያው ላይ ያለችው በቅሎ ጆሮዋ የፈረስ ጆሮ ነው። ፊልሙ ሳይታይ ክሱም ፍርዱም አለቀ። ታሪኩ ተቆራርጦ አጥሯል ሲባልማ «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች» ብሎ የተረተም አለ። እትዬ ጥሩዬ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው ያሉት። «ይቁረጡ፣ ይቀጥሉ፣ የፈለጉትን ያድርጉ። ሐሪቱን ብቻ እንዳይነኩብኝ።»

ፊልሙ ቡሬ አዳራሽ ውስጥ እንደሚታይ ተሰማ። ሚኒባስ ተኮናትረን ሄድን። እትዬ ጥሩዬ እንደ ሰርገኛ ነጭ ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። የአጎታቸው ልጅ አያ ደሴም ከጅጋ መጡ። አያ ደሴ የበቅሎ ነጋዴ ናቸው። መጽሐፉን አላነበቡትም፤ ግን የበቅሎ ነገር ነው ቢሏቸው ዱላቸውን ይዘው ተነሡ።

ፊልሙ ተጀመረ። እኔም እንደ ልማዴ ዞርኩ። ንጉሡ የአንዲት ልጅ ድምፅ በዋንጫ ቀድቶ ጨለጠው፤ አዳራሹ ጭጭ። ዛፍ ተናገረ፤ ማንንም አልገረመው። ሐሪቱ ከገደል አፋፍ ዘላ በረረች፤ ጭብጨባ! አያ ደሴ ብቻ ተቆጡ። ታዲያ ያስቆጣቸው መብረሯ እንዳይመስላችሁ። በቅሎዋ ቁልቁል ስትወርድ ጀርባዋ ላይ ያለው ልጅ ወደ ፊት አጎንብሷል። «ወደ ኋላ ተለጠጥ እንጂ አንተ! አንገቷ ላይ ልትሰፍር ነው እኮ!» ብለው ጮኹ። ከኋላቸው የተቀመጡ ወጣቶችም «እውነታቸውን ነው» አሉ። በቅሎ ሰማይ ላይ ስትሄድም የአጋላለቡ ሥርዓት አይለወጥም ማለት ነው።

መጨረሻው ደረሰ። ተራራው መጣ። ልጆቹ ተኙ። እትዬ ጥሩዬን አየኋቸው፤ የነጠላቸውን ጫፍ ጨብጠዋል። እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም። ዋሽንት ተነፋ፤ ካሜራው ከተራራው ወርዶ አንድ ጋጣ ገባ። ሐሪቱ ጭድ ላይ ተኝታለች። አጠገቧ እግሩ እየተንቀጠቀጠ ሊቆም የሚታገል ውርንጭላ አለ። «በመጨረሻ እናት ሆነች» የሚል ድምፅ ተሰማ።

አዳራሹ በጩኸት ቀለጠ።

«መጽሐፉ ላይ የለም!» አለ አንድ ተማሪ ተነሥቶ።

«አገር ላይም የለም!» አሉ አያ ደሴ ወለሉን በዱላቸው እየመቱ። «ትብረር ተባለ፣ እሺ። ታውራ ተባለ፣ እሺ። በቅሎ ወለደች ይባላል? አባትሽ ማነው ሲሏት እናቴ ፈረስ ናት ያለች፣ አሁን የልጇን አባት ማን ልትል ነው?»

አንዱ «ለምን ወለደች?» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ ሙሉ ተቀበለው። «ለምን ወለደች! ለምን ወለደች!» የአዳራሹ ባለቤት ቢጨንቃቸው መድረክ ላይ ወጥተው «ወገኖቼ፣ እኔ አላዋለድኋትም!» አሉ። እሱማ ጭራሽ አባሰው።

እኔ እትዬ ጥሩዬን ነበር የማይ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገዋል። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። የፊልሙ ሰዎች ያን ሁሉ ተአምር ለመሥራት አልከበዳቸውም። ሳይወልዱ መወደድ ብቻ ተረት ሆነባቸው? አማትዬው ከመቃብር ተነሥተው ፊልም የሠሩ መሰለኝ። ለዘመናት «ምን ጎደለ?» ሲሉ ለኖሩት ሴትዮ፣ ውርንጭላ ጎድሎ ነበር የሚል መልስ ቡሬ ድረስ መጣላቸው።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ወጣቶቹ ይከራከራሉ። አያ ደሴ ስለ በቅሎ አፈጣጠር ለሾፌሩ ያስረዳሉ። እኔ ከእትዬ ጥሩዬ ኋላ ነበርኩ። ዝም ብል ምን ነበረበት? አላስቻለኝም። ጠጋ ብዬ «እትዬ፣ ከፋዎት?» አልኳቸው።

ነጠላቸውን ገለጡ። ለካ ያንን ሁሉ ጊዜ በሳቅ ነው የሚንፈራፈሩት! ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ ነው።

«መጀመሪያስ ከፍቶኝ ነበር» አሉ። «ኋላ ሰዉን ሰማሁታ። ዕድሜዬን ሙሉ ‹ለምን አልወለደችም› ሲባል ስሰማ ኖሬ፣ ዛሬ አዳራሽ ሙሉ ሰው ‹ለምን ወለደች› ብሎ ሲቆጣ ሰማሁ! በል አንተ፣ ቅዳሜ ይደግሙት እንደሆን ጠይቅልኝ።»