መርዶ በሃሎዊን ምሽት

አሜሪካ የመጣ ሰው ከቋንቋው በፊት ካላንደሩን ቢማር ብዙ ውርደት ይቀርለት ነበር። ቋንቋ ባታውቁ በእጅ ታሳያላችሁ። ቀኑን ካላወቃችሁ ግን እናንተው በእጅ ትጠቆማላችሁ።

እኔ ፊደል ሳልጨርስ ስለተዳርኩ አይፈረድብኝም። የሚፈረድባቸው ጋሽ በቀለ ናቸው፤ ሲያትል ውስጥ የሴንትራል ዲስትሪክት ሰፈር ሐበሻ ሁሉ ሽማግሌ፣ ከረባት ሳያስሩ ቆሻሻ እንኳ የማያወጡ ሰው። አገር ቤት ለመደወል ኦፕሬተር በሚለመንበት ዘመን ነው፤ የጎረቤቴ የአስቴር አባት ደሴ ላይ ማረፋቸው ተሰማ። የተሰማው ለእኛ እንጂ ለእሷ አይደለም። መርዶ መቼም ጎህ ሳይቀድ ነው የሚነገረው፤ ሲያትል ግን ጎህ ሲቀድ ማን ቤቱ አለ? አንዱ ፓርኪንግ ይጠብቃል፣ አንዷ የሆቴል አልጋ ታነጥፋለች። ሶ ጋሽ በቀለ "ዓርብ ከሥራ መልስ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት" ብለው ቆረጡ። ቀኑ ምን እንደሆነ ያየ የለም።

እሳቸው፣ አንድ ባልና ሚስት፣ እኔ፤ አራት ሆነን፣ ጥቁር ለብሰን፣ ነጠላ አዘቅዝቀን ሄድን። ለካ ቀኑ ሃሎዊን ኖሯል፤ መንገዱ በአንሶላ በተጠቀለለና የሰይጣን ፊት ባጠለቀ ልጅ ተሞልቷል። ሆያ ሆዬ እንኳ ግጥም ይጠይቃል፤ እነዚህ ሦስት ቃል ብለው ለከረሜላ ከረጢት መዘርጋት ነው! አንዲት አሜሪካዊት እኛም ለሃሎዊን የለበስን መስሏት አውራ ጣቷን ቀሰረችልን። ጋሽ በቀለ ያጽናናችን መስሏቸው ባርኔጣቸውን አነሱላት።

አንኳኳን። አስቴር ሳህን ሙሉ ከረሜላ ይዛ ከፈተች። ከኋላዋ የሰባት ዓመቷ ሚሚ፣ በኩል የድመት ጺም ተስሎላት፣ የትራስ ልብስ እንደ ከረጢት ይዛ ትዘላለች።

"ማሚ፣ ሌትስ ጎ!"

አስቴር ጥቁሩን ልብስ አየች፣ የተዘቀዘቁትን ነጠላዎች አየች። ከንፈሯ ደረቀ፤ ሌላው አላየም፣ እኔ አየሁ። ከዚያ ፈገግ ብላ ለእያንዳንዳችን ከረሜላ አደለችን።

"አስቴር ልጄ…" አሉ ጋሽ በቀለ።

"ነገ በጠዋት ይምጡ፣ ጋሽዬ። ዛሬ የሚሚ ቀን ነው፤ ዓመት ሙሉ ጠብቃዋለች።"

ልጇን ይዛ በመካከላችን አልፋ ወጣች። ከማዶ ቆመን አየናት፤ በየደጁ ትስቃለች። ጋሽ በቀለ ከረሜላቸውን ልጠው ጎረሱ። ምን ያድርጉ?

በማግስቱ ሁላችንም ለየሥራችን ደውለን "አመመን" አልንና ሄድን። ደረጃውን ሳንጨርስ በሩ ተከፈተ። አስቴር ጥቁር ለብሳለች፣ ሚሚን ጎረቤት ሰዳታለች፣ ወንበሮቹን ለለቅሶ ግድግዳ አስደግፋለች።

"አባዬ ነው ወይስ እማዬ?" አለች።

እስቲ አስቡት፤ ያን ሁሉ ደጅ የዞረችው የትኛው እንደሞተባት ሳታውቅ ነው።

ጋሽ በቀለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደግመው ጠረጉ። ባልና ሚስቱ ጫማቸውን አዩ። "ምላሷ አያርፍም" እያሉ በየጓዳው የሚያሙኝ ሦስት ሰዎች፣ ያን ጠዋት ዞረው እኔን ጠበቁ።

"አባትሽ ናቸው" አልኳት።