ጥቅሌ አዝላኝ ግሸን ስትወጣ

ትናንት በሕልሜ ጓዝ ሁሉ እግር አውጥቶ አየሁ። ኬሻው፣ ስልቻው፣ ጀሪካኑ፣ ሁሉም ነጠላ ለብሶ፣ መቋሚያ ይዞ፣ እየዘመረ ወደ ግሸን ማርያም ይጓዛል። እኛ ሰዎቹ ደግሞ ከመንገዱ ዳር ተከምረናል፣ አንዳችን ባንዳችን ላይ። ፀሐዩ ጠንክሯል። ግን ማንም ወደ ጥላ አንሡን አይልም።

የማኅበራችን መሪ ጋሽ ይመር እንደ ጋቢ ተጣጥፈው ከእግሬ ሥር ተቀምጠዋል። ከወረኢሉ ስንነሣ እኒህ ሰውዬ ናቸው «ጓዛችንን በመኪና እናስቀድመው፤ ማታ ማታ ማረፊያችን ላይ ይጠብቀናል፤ እኛ እጃችንን እያወዛወዝን እንሄዳለን» ያሉት። ሰው ሁሉ እሺ አለ። እኔ እንቢ አልኩ።

እንቢ ያልኩት ወድጄ አይደለም። የኔ ጥቅል ውስጥ ስንቅ ብቻ አይደለም ያለው። መጋረጃ አለ፣ ጥጡን በገዛ እጄ ፈትዬ ለሸማኔ ሰጥቼ ያሠራሁት የቤተ መቅደስ መጋረጃ። ልጄ በሪሁን በበረሃ አድርጎ ወደ ዐረብ አገር ወጣና ድምፁ ጠፋ። ዘመድ አዝማድ ልቅሶ እንቀመጥ ሲለኝ፣ «እመቤቴ የግሸኗ፣ ድምፁን ብቻ አሰሚኝ፤ ከደጄ እስከ ደጅሽ መጋረጃ በጀርባዬ አዝዬ፣ በእግሬ አመጣልሻለሁ» ብዬ ተሳልኩ። አሰማችኝ። ስልክ ተደወለ፣ «እማዬ፣ አለሁ» አለ፣ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ አልደወለም። እንግዲህ እኔ ቃሌን ባጎድል እሷስ ምን ብላ ትጠብቅልኛለች?

ይኸን በሕልሜም አልረሳሁትም።

አንድ አህያ ኮት ደርቦ፣ አለንጋ ይዞ መጣ። ጫኙ እሱ ነው። እየገለባበጠ ያየን ጀመር።

«ይቺስ የማን ናት?» አለ እኔን በኮቴው ነካ አድርጎ።

«የማንም አይደለሁም። አንጓች እባላለሁ።»

«ስምሽን ማን ጠየቀሽ? ባለቤትሽ የትኛው ጓዝ ነው?»

«ጓዙ ነው እንጂ የኔ!»

አህያው ወደ ጓደኞቹ ዞሮ ሳቀ። «ሰምታችኋል? ጓዙ የኔ ነው ትላለች። እንዲህ የሚሉት መንገድ ላይ በንዴት ይፈነዳሉ። ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩልኝ።»

ጎረቤቴ ብርቄ ሰሌን ውስጥ ተጠቅልላ፣ ጭንቅላቷ ብቻ ወጥቶ ከጎኔ ተጋድማለች።

«አንቺ አንጓች፣ አርፈሽ አትጫኝም?» አለችኝ። «እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ እንዲህ ተመችቶኝ አያውቅም። ጉልበቴ ጉልበት መሆኑን ረስቶታል።»

«ስለትሽስ?»

«ጀሪካኔ ይዞልኛል።»

እውነትም ጀሪካኗ ከፊት ከፊት ሆኖ ይዘምራል። እንባው በክዳኑ ሥር ይንጠባጠባል። እንደሱ ከልቡ የሚያለቅስ ሰው በማኅበራችን ውስጥ አይቼ አላውቅም።

አህዮቹ እኔን ሊያነሡ ጎንበስ ሲሉ ጥቅሌ ከሰልፉ ወጥታ መጣች። የኔን ነጠላ ለብሳለች። አረማመዷም የኔው ነው፣ ቀኝ እግሯን ጎተት ታደርጋለች።

«እሷን አትንኳት» አለች።

«ለምን? ሁሉም እየተጫነ አይደለም እንዴ?»

«የኔዋ አትጫንም። በጀርባዬ ነው የማደርሳት። ተስያለሁ።»

«አይ እመት ጥቅል! መንገዱ ሩቅ፣ ሴትዮዋ ከባድ። አህያ እንደ አሸዋ ፈስሶ ምን አስጨነቀሽ?»

«አህያ እንዳለ ዓይን አለኝ፣ አይቻለሁ። እንቢ አልኩ እኮ!»

ወይ ጉድ! እኔ ራሴ ለጋሽ ይመር የተናገርኩት ነው። መኪና እንዳለ ዓይን አለኝ፣ አይቻለሁ፣ እንቢ አልኩ እኮ ብያቸው ነበር። ጋሽ ይመርም ከታች ሆነው ሰሙት መሰለኝ፣ ከእጥፋታቸው መሐል «ሁለት ሆኑ ደግሞ!» ሲሉ ተሰማኝ።

ጥቅሌ ዝቅ አለችና በመጫኛ አሥራ ጀርባዋ ላይ ሳበችኝ። እኔ መሸከም አውቃለሁ። ውሃ ተሸክሜያለሁ፣ እንጨት ተሸክሜያለሁ፣ የታመመ ባል ተሸክሜያለሁ። መሸከሙን እንጂ መታዘሉን ከእናቴ ጀርባ ከወረድኩ ወዲህ አላውቀውም። እሷም አስተካክላ እንደ ልጅ አላዘለችኝም፣ እንደ ዕቃ ወደ ኋላ አዙራ ነው ያሠረችኝ። እንደዚያ ታስረው ሲሄዱ የሚታየው የመጡበት መንገድ ብቻ ነው። የሚሄዱበትን ሌላው ነው የሚያየው።

«አውርጂኝ» አልኳት። «ስለቱ የኔ ነው።»

«ጓዝ አይናገርም።»

«እኔ ጓዝ አይደለሁም!»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለችና መንገዷን ቀጠለች።

ወንዝ ጋ ደረስን። ወንዙ ቆሟል፣ ድልድዩ ይፈሳል። ጓዙ ሁሉ ነጠላውን ሰብስቦ ድልድዩን እየተከተለ ሮጠ። ጥቅሌም ሮጠች፣ እኔም ከኋላዋ እየተናጥኩ ተሻገርን።

ከወንዙ ማዶ የኔ ቢጤዎች ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። እጃቸውን ዘርግተዋል፣ ግን እጃቸው ባዶ አይደለም። ዳቦ ይዘዋል፣ ቆሎ ይዘዋል፣ አዲስ ቀሚስ የያዘችም አለች።

«ስለ ግሸን ማርያም ተቀበሉን! ስለ ወላዲቷ ተቀበሉን!» ይላሉ።

አላፊው ጓዝ ፊቱን አዙሮ «እግዜር ይቀበላችሁ» እያለ ያልፋል።

አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ዳቦውን ወደ እኔ ዘረጋ። «ያዘልሻት ሴትዮ ትቀበለኝ። ስለ ልጄ ብዬ ነው።»

«አትቀበልም፤ ጓዝ ናት» አለችው ጥቅሌ።

እጄን ልዘረጋለት ብል ታስሯል። ሽማግሌው ዳቦውን ታቅፎ ቀረ። ወደ ኋላ ነበርና የማየው፣ እስኪያንስ፣ እስኪያንስ፣ ነጥብ እስኪሆን ድረስ አየሁት። ልጁ የት እንዳለ አልጠየቅኩትም። የሚመልስልኝን ፈራሁት።

ኬላ ላይ አስቆሙን። እመት ፍየል ሻሽ አሥራ፣ መነጽር አድርጋ ሰዉን ትፈትሻለች። ጋሽ ይመርን ከአህያ አውርዳ ዘረጋቻቸውና አራገፈቻቸው። ከእጥፋታቸው ውስጥ «ተሰለፉ!» «ቶሎ በሉ!» «ኧረ ሴቶች ዝም በሉ!» የሚል ትእዛዝ ሁሉ እየረገፈ መሬቱን ሞላው። ፍየሏ አንዱን አንሥታ ቀመሰችና ተፋችው።

«ሌላ ምንም የለም?»

«ሌላማ ምን ይኖረኛል፣ እመት ፍየል» አሉ ጋሽ ይመር። ያን ጊዜ ትንሽ አዘንኩላቸው።

«ይለፉ። ቀላል ናቸው።» ወደ እኔ መጣች። «ይቺ ውስጧ ምንድን ነው?»

«ልጅ ነው» አለች ጥቅሌ።

«ሕያው ነው?»

ጥቅሌ መጫኛውን ጠበቅ አደረገች። እኔ ጓዝ አይናገርም ተብያለሁ። ቢፈቀድልኝስ ምን ልል ነበር?

«ድምፁ አለ» አለች ጥቅሌ።

ፍየሏ መነጽሯን አወለቀችና ጆሮዋን ደረቴ ላይ ለጠፈች። ዝማሬው ቆመ። ከውስጤ «እማዬ፣ አለሁ» ሲል እኔም ሰማሁት። ከዚያ ስልክ ሲዘጋ የሚጮኸው ቱት፣ ቱት፣ ቱት መጣ። ፍየሏ ጆሮዋን ቶሎ አላነሣችም። ያ ጩኸት እስኪያልቅ ጠበቀች። አላለቀም።

«ይኼ ተሰባሪ ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሌላ ነገር እንዳትደርቡባት።»

ግሸን ሥር ስንደርስ ዳገቱ ቁልቁል ሆነ። አምባው ተገልብጦ ተንጠልጥሏል። በወረድን ቁጥር ሰማዩ ይቀርባል፣ ድካሙ ግን የዳገት ድካም ነው። ጥቅሌ ማቃሰት ጀመረች። ወደ ኋላ የማየው መንገድ ላይ ነጭ ክር ተዘርግቶ አየሁ። ከእግሯ ነው የሚወጣው። ሰው ሲደማ እንደሚከተለው ደም፣ ክሩ ከድንጋይ ድንጋይ እየተንጠባጠበ ተከትሎናል። የኔ ፈትል ነው፣ አወቅኩት። ልጄ በጠፋ ጊዜ የፈተልኩት ነው፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ ይወፍራል፣ እጄ የተንቀጠቀጠበት ነው።

«እየተተረተርሽ ነው» አልኳት። «ተዪ፣ አውርጂኝ። ለአህያው ስጪኝና አንቺ ትረፊ።»

«አንቺ ብትሆኚ ትሰጪኝ ነበር?»

ዓይኔን ወደ ክሩ መለስኩ።

ደጀ ሰላሙ ላይ ደወሉ የአንድ ሰውዬ እግር ላይ ገመድ አሥሮ ይጎትታል፣ ሰውዬው «ደን! ደን!» ይላል። ሰው ሁሉ ከውጭ እየተራገፈ ተከመረ፣ ጓዝ ጫማውን እያወለቀ ገባ።

«ስለት ያለው ይቅደም!» አለ ደወሉ።

«እኔ አለኝ» አለች ጥቅሌ።

«ምን አመጣሽ?»

«አንጓችን። ከደጇ ጀምሬ በጀርባዬ።»

«መሬት አስነክተሻታል? ለሌላ አሸክመሻታል?»

«አንድም ቦታ።»

ኬሻውና ስልቻው እልል አለ። እኔን ፈትተው ዘረጉኝ፣ ክንዴን ወዲህ፣ እግሬን ወዲያ። መቅደሱ በር ላይ በቀለበት ሰቀሉኝ። ፊቴ ወደ ሕዝቡ፣ ጀርባዬ ወደ መቅደሱ ነው። አላመመኝም። መጋረጃ ሆኜ ተረጋጋሁ። ጓዙ በተራ በተራ እየመጣ ጫፌን ይሳለም ጀመር። ጀሪካኑ ሲሳለመኝ እግሬን አረጠበው።

ከጀሪካኖቹ ኋላ አንድ በራሱ እግር የሚሄድ ሰው መጣ። በዚያ አገር በእግሩ የሚሄድ ሰው ያየሁት እሱን ብቻ ነው። ቀረበ። በሪሁን ነው። ከስቷል፣ ፀሐይ አክስሎታል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ቁመቱ ግን ያው ቁመቱ ነው። ጫፌን በሁለት እጁ ይዞ ሳመኝ፣ ግንባሩን አስነካ። ትንፋሹ ጉልበቴ ላይ ሞቀኝ። በሪሁን ልለው ብሞክር መጋረጃ አፍ የለውም።

«ይኸን መጋረጃ ማነው ያመጣው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች ጥቅሌ። ከክር በቀር የቀራት የለም፣ ያቆማት የኔ ነጠላ ነው።

አያት። አያት፣ አያትና «እማዬ!» ብሎ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ።

እኔ ነኝ! እሷ ጥቅል ናት! በሪሁን፣ ወዲህ ዙር! እያልኩ በሌለ አፌ ጮህኩ። ከቀለበቱ ልላቀቅ ተወራጨሁ፣ ተወራጨሁ...

«አንጓች! አንጓች! ኧረ በማርያም ትወድቂያለሽ!»

ዓይኔን ገለጥኩ። ብርቄ ትከሻዬን ይዛ ትነቀንቀኛለች። ጎህ ቀዷል። የጭነት መኪና ላይ ነኝ፣ በኬሻና በጀሪካን መሐል፣ እንዳልወድቅ በገመድ ታስሬ። ጥቅሌ ትራስ ሆናልኛለች።

«የት ነው ያለነው?»

«ደርሰናል እኮ። ይኸውልሽ አምባው፣ ቀና በይ።»

«ማን ጫነኝ?»

«ትኩሳትሽ እንደ እሳት ያቃጥል ነበር። ብንቀሰቅስሽ፣ ውሃ ብንረጭብሽ የለሽም። ጋሽ ይመር 'ነቅታ ብትሆን መች ታስጠጋናለች፣ አሁኑኑ ጫኗት' አሉ። እኔ ላስታምምሽ አብሬሽ ወጣሁ። እነሱ በእግር እየመጡ ነው።»

«ጥቅሌንም?»

«ታዲያ ሜዳ ላይ ጥለናት እንምጣ?»

አልተቆጣኋትም። ሌሊቱን ሙሉ ራሴን ይዛ አድራለች፣ ዓይኗ ደም መስሏል። ገመዱን ፈታሁና ወረድኩ። መሬቱ ዞረብኝ። የመኪናውን ጎን ይዤ ቆሜ፣ ሲያልፍልኝ ጥቅሌን ስቤ ጀርባዬ ላይ አሠርኩ። ብርቄ ልወጣ መስሏት እልል ልትል አፏን ከፈተች። እኔ ፊቴን ወደ ቁልቁለቱ አዞርኩ።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ተኛሁበት። ካቆምኩበት እጀምራለሁ።»

«አብደሻል? ከኩታበር ማዶ እኮ ነው የተኛሽው! ክብረ በዓሉ ነገ ነው፣ ያመልጥሻል!»

«ማርያም በማግስቱም እዚያው ናት።»

«እያወቅሽ አልተጫንሽ! ታመሽ ነው! እሷ ታውቅልሻለች!»

«እሷማ ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ።»

ሹፌሩ በመስኮት ብቅ አለ። «እትዬ፣ እኔ ባዶዬን ነው የምመለሰው፣ እስከዚያ ላድርስሽ?»

ዞሬ አየሁት። መስኮቱን ዘጋ።

ብርቄ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስታለቅስ ትቻት ወረድኩ። መንገዱ በተጓዥ ነጭ ሆኗል፣ ሁሉም ሽቅብ ነው። ቁልቁል የምሄደው እኔ ብቻ ነኝ። ከላይ ስመጣ ያዩኝ ሁሉ ተሳልሜ የምመለስ መሰልኳቸው። መንገድ ይለቁልኛል። አንዲት አራስ ልጇን አቅፋ መጥታ እጄን ሳመችኝ።

«እንኳን አደረሰዎት፣ እማማ። በረከትዎ ይድረሰን።»

«ገና አልደረስኩም፣ ልጄ» አልኳት። «እየመጣሁ ነው።»